ትምህርት ቤት ያልገቡ ሠዓሊዎችና የመተማው ሥዕል

በዛሬው ዝግጅታችን የምንናገረው የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ፥ የምስክር ወረቀትም ሳይቀበሉ፥ ዓይናቸውን መምህር እጃቸውንም ደቀ መዝሙር አድርገው ሠዓሊ ለመሆን ስለ በቁ ሰዎች ነው።

ስለ እነዚህ ሰዎች በዚህ በመተማና በቋራ ቆላ መናገር የሚገባበት ምክንያት አለው። በሀገራችን የሕዝብ ሥዕል ውስጥ ደጋግመው ከተሣሉት ነገሥታት መካከል የሁለቱ ታሪክ ከዚህ ምድር ጋር የተያያዘ ነውና፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከቋራ ተነሡ፥ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በመተማ ወደቁ። ዜና መዋዕላቸውን ገልጦ ለማንበብ ፊደል ያልቈጠረው፥ ቈጥሮም መጽሐፉን ያላገኘው ብዙው ሕዝብ፥ የእነዚህን ነገሥታት መልክ፥ የፈረሳቸውን ሩጫና የአሟሟታቸውን ነገር ያወቀው በቃል ከሚወርደው ትረካ ጋር፥ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ በየግድግዳው ከተሰቀለው ሥዕል ነው። የሥዕሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ፥ «ሳይማር ሠዓሊ ሆነ» የተባለ ሰው በእውነት ከምን እንደ ተማረ እንመርምር። በጥንታዊቷ ኢትዮጵያ ሥዕል የሚማር ሰው የሚቀመጥበት ወንበርና የሚቈጠር የትምህርት ዘመን አልነበረውም፤ ቅኔ የሚዘርፈው ከቅኔ ቤት፥ ዜማ የሚቀጽለው ከዜማ ቤት ሲገባ፥ ሥዕል የወደደው ግን አንድ አረጋዊ ሠዓሊ ካገኘ ቀለም እየበጠበጠ ያገለግለዋል፥ ካላገኘም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ፊት ቆሞ ያያል፥ ያየውንም ይገለብጣል። እንግዲህ የዚህ ሰው ዋና ትምህርት መገልበጥ ነበር። ዛሬ በመገልበጥ የሚማረውን ወጣት «የራሱ ሐሳብ የለውም» እያሉ የሚነቅፉት ሰዎች አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ይህ ነቀፋ የሀገራችንን የሥዕል ታሪክ ካለማወቅ የሚመጣ ነው፤ ማስረጃውም ከዚሁ ከጠረፉ አካባቢ የሚገኝ ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ኵርዓተ ርእሱ የምትባል፥ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይባት አንዲት ሥዕል ነበረች። ሥዕሊቱ በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ በአሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት የተሠራች ስትሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ ገብታ የነገሥታቱ ቅርስ ሆነች፤ ነገሥታቱ ሲዘምቱም ትከተላቸው ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ፥ ብርሃን ሰገድ የተባሉት፥ በ1736 ዓ.ም. በስናር ላይ በዘመቱ ጊዜ ይህችን ሥዕል ከግማደ መስቀሉ ጋር ይዘው ወደ ምዕራብ ቆላ ወረዱ። በድንድር ወንዝ አጠገብ ሠራዊታቸው ድል ሲሆን ሥዕሊቱ ተማረከች፤ ከስናር ተመልሳ ጎንደር የገባችውም በብዙ ወርቅ ተዋጅታ ነው። ድንድር ከቋራ ወገን ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ መሆኑን አድማጮቻችን ታውቃላችሁ። አንድ መንግሥት ከጦር ሜዳ የቀረበትን መሣሪያና ድንኳን ትቶ፥ ስለ አንዲት የእንጨት ገበታ ሥዕል ወርቅ መዝኖ መስጠቱ፥ ሥዕል በዚያ ዘመን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው የሚያስረዳ ነው።

ለዛሬው ትምህርታችን የሚጠቅመን ግን ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው። ኵርዓተ ርእሱን የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች እጅግ ብዙ ጊዜ ገልብጠዋታል፤ በብራና መጻሕፍትም፥ በገበታም፥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ አምሳያዋ ይገኛል። ቅጂዎቹን አስተውሎ የተመለከተ ሰው አንድ አስደናቂ ነገር ያያል፤ ፈረንጁ ሠዓሊ በብርሃንና በጥላ ያበጀው ፊት በሀገራችን ሠዓሊ እጅ በጥቁር መስመር ተከብቦ፥ ዓይኑ ሰፍቶ፥ ቀለሙ ደምቆ፥ ፍጹም ኢትዮጵያዊ መልክ ይዞ ይወጣል። ገልባጩ እገለብጣለሁ ብሎ ሲያበቃ ሌላ ነገር ወልዷል። ዋናይቱ ሥዕል የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ባረፉ ጊዜ፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ወስዷት ከሀገር ወጣች፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። ቅጂዎቹ ግን እዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ መተማው ሥዕል እንለፍ። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች፥ ድርቡሾች የተባሉት፥ በአቡ አንጃ መሪነት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሳር ውኃ ድል አድርገው ጎንደር ከገቡ በኋላ፥ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ የጎንደር ሰዎችም ንቦች ወጥተው ወራሪውን አባረሩ እያሉ ይተርካሉ። ስለዚህ ቃጠሎ ሲነገር ስለ መጻሕፍቱና ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ መጥፋት ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ከግድግዳዎቹ ጋር የነደደው ሥዕል ግን ለስንት ትውልድ ያለ ደመወዝ ሲያስተምር የኖረ መምህር እንደ ነበረ የሚያስብ ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ በአካባቢው የተወለደ ሥዕል ወዳድ ልጅ ሄዶ የሚያየው ግድግዳ አነሰው።

ዐፄ ዮሐንስ ይህን ጥፋት ለመበቀል ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ መተማ ወረዱ፤ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዘኪ ቱማል የሚመራውን፥ በእሾህ አጥርና በምሽግ የተከለለውን ጦር ገጠሙ። የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ ገብቶ ድሉ በእጁ ሊሆን በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ፤ የመቍሰላቸውም ወሬ በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ቍስል አረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጓዝ ድርቡሾች ተከታትለው በአንድ ወንዝ አቅራቢያ ደረሱበት፥ አጎታቸው ራስ አርአያ ድምፁም አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ መባሏ ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ይህን ነገር ሊሥል የተነሣ፥ ከማንም ያልተማረ ሠዓሊ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደ ገጠመው እናስብ። የዐድዋን ጦርነት የሚሥል ሰው መንገዱ የተጠረገለት ነው፤ ድል አለው፥ ከላይ በሰማይ በነጭ ፈረስ የሚወርድ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለው፥ በአንድ ወገን ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ፥ በሌላው የሚሸሽ ጠላት አለው። የመተማው ሠዓሊ ግን ሊያሳይ የሚገባው ንጉሥ እየወደቀ፥ የተጀመረ ድል እየተበተነ፥ ክርስቲያን ሠራዊት እየተመለሰ ነው። ሽንፈትን በክብር ለመሣል ምሳሌ የሚሆን ነገር ከወዴት ያመጣል? ያመጣው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ከሕማማቱ ሥዕልና ከሰማዕታቱ ገድል ሥዕል፥ የሚገደለው ከገዳዩ ይልቅ የሚልቅበትን፥ የወደቀውም አሸናፊ ሆኖ የሚታይበትን ሥርዓት ተምሮ ነበርና፥ ያንኑ ሥርዓት ለንጉሡ አዋሰው። ስለዚህ በእነዚህ ሥዕሎች ንጉሠ ነገሥቱ ከወታደሮቻቸው ሁሉ ገዝፈው፥ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ፥ ሞታቸው እንደ ሰማዕት ሞት ሆኖ ይታያል። በሕዝቡ ትዝታ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሀገር አንገታቸውን የሰጡ ንጉሥ ሆነው እስከ ዛሬ ሲኖሩ፥ ለዚህ አስተሳሰብ ሠዓሊው ያበረከተው ድርሻ ከባለ ዜና መዋዕሉ ድርሻ የሚያንስ አይመስለኝም።

የአሣሣሉን ስልት በጥቂቱ ልግለጽ። አቡጀዲው ይወጠርና ከቈዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ይቀባል፤ ሲደርቅ ጠንክሮ ቀለሙን ሳይመጥጥ የሚይዝ ገጽ ይሆናል። ከዚያም ሥዕሉ በከሰል ይነደፋል፥ ቀይ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም በየቦታው ይሞላል፤ በመጨረሻም የእያንዳንዱ ሰው መልክ፥ የልብሱ እጥፋት፥ የፈረሱ ኮርቻ በጥቁር መስመር ይከበባል። ሥዕሉ ሕይወት የሚያገኘው በዚህ በመጨረሻው መስመር ነው፤ የሠዓሊው እጅ መልመዱ ወይም አለመልመዱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ መስመሩ አንድ ጊዜ ከተሰመረ መመለሻ የለውምና። የሩቁን አሳንሶ የቅርቡን አግዝፎ መሣል በዚህ ሥርዓት አይፈለግም፤ ሰው የሚገዝፈው በማዕርጉ እንጂ በቅርበቱ አይደለም። የክርስቲያኑ ሠራዊት በሁለት ዓይን፥ ጠላት ግን በጎን ፊት በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ይህም ይሁዳና አጋንንቱ በግድግዳ ላይ ከሚሣሉበት ልማድ የመጣ ነው። ድርቡሹ ደግሞ በሌላ ምልክት ይለያል፤ የመሐዲው ተከታዮች ይለብሱት የነበረው፥ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው እራፊ የተጣፈበት ረዥም ጁባ ነው። ይህን እራፊ እያንዳንዱን ለይቶ መሣል ትዕግሥት ይጠይቃል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መናገር ግዴታዬ ነው። የአንድ ዓይኑ ልማድ የሥዕል ሕግ እንጂ በጎረቤት ሕዝብ ላይ የተነገረ ፍርድ አይደለም። መተማንና በሱዳን ወገን ያለችውን ገላባትን የሚለያያቸው አንድ ጅረትና አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ወገን ሰዎችም ሰሊጡን፥ ጥጡን፥ ከብቱን ሲገበያዩ የኖሩ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሱዳናውያን ልጆቻቸውን አቅፈው በዚሁ ድልድይ ተሻግረው ወደ እኛ ገብተዋል። ዛሬ በመተማ ተቀምጦ የሚሥል ወጣት እነዚህን ሰዎች ቢሥል፥ በሁለት ዓይን እንደሚሥላቸው አምናለሁ።

ወደ ሠዓሊዎቻችን ታሪክ ስንመለስ፥ ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የውጭ መልእክተኞችና ነጋዴዎች መናኸሪያ ስትሆን፥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለመደ እጅ አዲስ ገዢ አገኘ። ፈረንጆቹ የጦርነት፥ የግብር፥ የአደንና የንግሥተ ሳባ ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ጠቅልለው የሚወስዱትን ፈለጉ፤ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎችም ይህን ሥራ ኑሯቸው አደረጉት። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአርባ አራት ሣጥኖች ተከፋፍሎ የሚሣልበት ታዋቂ ልማድም በዚሁ መንገድ ተስፋፋ። የሥዕል ትምህርት ቤት በመንግሥት የተከፈተው ግን ቆይቶ ነው፤ እርሱም በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም ድካም በአዲስ አበባ የቆመው ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የትምህርት ቤቱን በር ያላዩ ሠዓሊዎች በየሰፈሩ ይሥሉ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ በጎጃም፥ በብቸና የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው ቅስና ተቀበሉ፤ ሥዕልንም ያወቁት በዚያው በቤተ ክርስቲያን ዓለም ውስጥ ነው፥ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት አልነበረም። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ገብተው ለረዥም ዘመን በሥዕል ቤተ ሰባቸውን አስተዳደሩ፤ ሥዕላቸው በቱሪስት ሱቅ ከሌላው መቶ ሥዕል ጋር ተደርድሮ ሲሸጥ፥ የሠዓሊውን ስም የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አልነበረም። ሬይመንድ ሲልቨርማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ግን ከዚያ ሁሉ ክምር የአንዱን ሰው እጅ ለይተው ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው በፋውለር ሙዚየም የቄስ አዳሙ ሥራ ብቻውን ለሕዝብ ታየ፥ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸውም መጽሐፍ ወጣ። ልብ በሉ፤ ሥዕሉ በዚያች ቀን የተሻለ ሆኖ አይደለም። ያው መስመር፥ ያው የሰፋ ዓይን፥ በትንሽ ገጽ ላይ የተጨናነቀው ያው የሰው ብዛት በሱቁም ውስጥ ነበረ፤ የጐደለው አንድ ሠዓሊ እንዳለ አምኖ የሚመለከት ሰው ነበር። ይህ ነገር ያሳዝነኛል፤ የእኛው ሰው በእኛው ከተማ ተቀምጦ ሳለ ክብሩ ከባሕር ማዶ መነገር ነበረበትን?

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንኳ መምህሬ ነው የማይል፥ በፍጹም በራሱ የተማረ ሠዓሊ ለሚፈልግ አድማጭ ደግሞ የአቶ ለማ ጉያን ስም እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1928 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተወልደው በንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል አገልግለዋል፤ ሥዕልን ግን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ራሳቸውን አስተማሩ። ሥራቸውን ከሌላው ሁሉ የለየው ሸራ ትተው የፍየል ቈዳ መምረጣቸው ነው፤ የቈዳውን የተፈጥሮ ቀለም ገላ አድርገው፥ የሽማግሌውን ግንባር ሽብሽብና የእናቲቱን ጕንጭ ከቈዳው ራሱ ያወጡት ነበር። በቢሾፍቱ ያቆሙት የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሥራቸውን ይዞ ቀርቷል። በእኛ ቆላ የፍየል ቈዳ በየገበያው የሚሸጥ ነገር መሆኑን ሳስብ፥ ከአቶ ለማ ሥራ ሁሉ ይልቅ ይህ ምርጫቸው ለእናንተ የሚናገር ይመስለኛል።

ለመተማ አድማጭ ሳልነግር የማላልፈው አንድ የባዕድ ሀገር ሰውም አለ፤ ከተማችን የጉምሩክ ከተማ ናትና። ሄንሪ ሩሶ የተባለ ፈረንሳዊ ወደ ፓሪስ በሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚያስከፍል ሠራተኛ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ራሱን ሥዕል አስተማረ፥ እ.ኤ.አ. በ1893 በ49 ዓመቱ ሥራውን ለቅቆ ለሥዕል ብቻ ኖረ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካና የሚያደባ አንበሳ ይሥል ነበር፤ እርሱ ግን ከፈረንሳይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቅጠሉን ያጠናው በፓሪስ የአትክልት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የሣላትን፥ በበረሃ የተኛችን ሴት አንበሳ ሲያሸታት የምታሳየውን ሥዕል ለተወለደባት ለላቫል ከተማ ቢያቀርብ ከንቲባው አልተቀበለውም፤ ዛሬ በኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትገኛለች። በቋራ የአላጥሽን ፓርክ አዋሳኝ ሆኖ የሚኖር ልጅ ግን ሩሶ በሕልሙ ያየውን በእውን የሚያይ ነው፤ በዚያ ፓርክ አንበሳ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በጥናት ተረጋግጧልና።

ከዝግጅታችን የቀረውን ጥቂት ጊዜ፥ ቀለም የሚገዛበት ሱቅ በአጠገቡ ለሌለው ወጣትና ለአስተማሪዎች እሰጣለሁ። ይህ ቆላ የዕጣን ዛፍና የግራር ሙጫ ሀገር ነው፤ የግራር ሙጫም በዓለም ሁሉ የውኃ ቀለም ማያያዣ ሆኖ የሚሠራበት ነገር ነው። ንጹሕ ሙጫ ጨፍልቃችሁ በለብታ ውኃ አሳድሩት፥ በጠዋትም በስስ ጨርቅ አጥልሉት። ለጥቁር ቀለም የድስት ጥቀርሻ ወይም እንደ ዱቄት የላመ ከሰል፥ ለቀይና ለቢጫም በወንፊት የተነፋ ቀይና ቢጫ አፈር በዚህ ሙጫ በሚገባ አሹ። የቁም ጸሐፊዎቻችን በብራና ላይ የጻፉበት ጥቁር ቀለምም ጥቀርሻ ያለበት ነው፤ ስንት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይነበባል። ሙጫው ሲበዛ ቀለሙ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፥ ሲያንስም በጣት ይራገፋል፤ ልኩን በትንሽ ቍራጭ ላይ ሞክሮ ማግኘት ይሻላል። እንዲህ ያለ ቀለም በውኃ የሚለቅ ስለ ሆነ በክረምት ከሚያፈስስ ጣሪያና ከርጥብ ግድግዳ መራቅ አለበት፤ ጨርቁም አይታጠፍ፥ ይጠቅለል እንጂ።

ሠዓሊው ሥራውን በጨረሰ ጊዜም በጀርባው ላይ ስሙን፥ የሣለበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍበት፤ በዚህች ከተማ ስለ ሆነው ጦርነት ከተሣሉት ጨርቆች ብዙዎቹ የሠዓሊያቸው ስም ስለሌለባቸው፥ ዛሬ እነዚያን ሰዎች በስማቸው ልናመሰግናቸው አልቻልንም።